ለፊደል ካርዴ የትኛውን የኤአር ኤስዲኬ ልያዝ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። እህቴ የመዋዕለ ሕጻናት መምህርት ነች። የፊደል ካርዶችን በእጇ ስላ ልታሳትም ተዘጋጅታለች። እኔ ሶፍትዌር ተምሬያለሁ፤ ዩኒቲም ትንሽ ሞካክሬያለሁ። ያሰብነው ልጁ ስልኩን ‹አ› ላይ ሲደግን አንበሳ ከካርዱ ተነስቶ እንዲያገሳ ነው። አዲስ አበባ ላሉ ወላጆችም አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችንም መሸጥ እንፈልጋለን። ኤአርኮር፣ ኤአርኪት፣ ቩፎሪያ፣ ዊኪቲዩድ፣ ኤአር ፋውንዴሽን የሚሉ ስሞች አይቼ ግራ ገባኝ። ማክ ኮምፒውተር የለኝም። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጡ ነበር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምመርጠውን አስቀድሜ ልንገርህ። ምክንያቱ ረዘም ስለሚል ቡናህን ይዘህ ታነበዋለህ።

ኤአር ማለት በስልኩ ካሜራ በምናየው እውነተኛ ነገር ላይ ሥዕል መደረብ ነው፤ ኤስዲኬ ደግሞ አፕ የሚሠራበት ዝግጁ የመሣሪያ ስብስብ። ኤስዲኬ መምረጡን ለአንድ ሳምንት አቆየው። በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር መርምር፤ የደንበኞችህን ስልክና የእህትህን ካርድ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሙከራ ማይንድኤአር በሚባል፣ በብራውዘር ውስጥ በሚሠራ ነጻ መሣሪያ፣ በድረ ገጽ ሥራው። ሰው ከወደደውና አፕ የግድ ከሆነ ወደ ዩኒቲ፣ ወደ ጌምና አፕ መሥሪያው ሶፍትዌር፣ ትሄዳለህ። እዚያ ስትደርስ ምርጫህ በኤአር ፋውንዴሽንና በቩፎሪያ መካከል ብቻ ነው። ዊኪቲዩድን አሁኑኑ ሰርዘው። ሞቷል፤ ወደ ቀብሩ በኋላ እንመጣለን።

ስሞቹ ግራ ያጋቡህ አንድ ዓይነት ነገር ስላልሆኑ ነው። ኤአርኮር የጉግል ነው፣ ለአንድሮይድ። ኤአርኪት የአፕል ነው፣ ለአይፎንና ለአይፓድ። ሁለቱም ስልኩ በክፍሉ ውስጥ የት እንዳለ የሚያውቁበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ካሜራው በሚያየው ምስል ውስጥ ጎልተው የሚታዩ ነጥቦችን ይይዛሉ። የምንጣፉ ጥግ፣ የመጽሐፉ ጠርዝ፣ የጠረጴዛው ጭረት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስልኩ ሲንቀሳቀስ ጃይሮስኮፑና አክስለሮሜትሩ (የስልኩን መዞርና መንቀሳቀስ የሚለኩት ሴንሰሮች) የሚሉትን ከነጥቦቹ እንቅስቃሴ ጋር ያመሳክራሉ። ባዶ ነጭ ግድግዳ ላይ የሚቸገሩት ለዚህ ነው። የሚይዙት ነጥብ የለማ።

ኤአር ፋውንዴሽን ደግሞ የዩኒቲ ነው። በራሱ ምንም አያይም። አንድ ጊዜ የጻፍከውን ኮድ አንድሮይድ ላይ ለኤአርኮር፣ አይፎን ላይ ለኤአርኪት የሚያስተላልፍ አስተርጓሚ ነው በለው። ስለዚህ «ኤአርኮር ወይስ ኤአር ፋውንዴሽን?» ብሎ መጠየቅ «ጤፉ ይሻላል ወይስ ምጣዱ?» እንደማለት ነው።

ቩፎሪያ የራሱ ዓይን አለው። መጀመሪያ የኳልኮም ነበር፤ በ2015 ፒቲሲ የሚባለው ኩባንያ በ65 ሚሊዮን ዶላር ገዛው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኤአርኮር ወይም ኤአርኪት ያለበት ስልክ ላይ እነሱን ይጠቀማል። ከሌሉ ግን ሥዕልን በካሜራው ብቻ ለይቶ መከተል ይችላል። ይህቺን ነጥብ ያዛት። ላንተ ሥራ ትልቅ ነገር ናት።

አሁን ወደ ስልኩ።

አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ ማሳያ ሠርቼ ነበር። ወለሉ ላይ የቤት ዕቃ የሚያቆም ነገር ነው። እኔ ስልክ ላይ ፏ ብሎ ይሠራል። ዝግጅቱ ቀን እንግዶቹ የየራሳቸውን ስልክ አወጡ። ፕሌይ ስቶር ገብተው ፈለጉ። ግማሹ ሰው «የለም እኮ» አለ። አፑ ለእነሱ ስልክ ጭራሽ አይታይም ነበር። ደንበኛው አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት እንዲህ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ኤአርኮር አንድሮይድ 7.0 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ግን ያ ብቻ አይበቃም። ጉግል እያንዳንዱን የስልክ ሞዴል ካሜራውን፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹንና የፕሮሰሰሩን አቅም አይቶ ነው የሚያጸድቀው። የጸደቁት ሞዴሎች ዝርዝር በጉግል ገጽ ላይ በስም በስማቸው ተቀምጧል። አፕህን «ኤአር የግድ ነው» ብለህ ካስመዘገብከው፣ ፕሌይ ስቶር በዝርዝሩ ከሌለ ስልክ ይደብቀዋል። እኔ ያደረግኩት ይህንን ነበር። «ኤአር ቢኖር ጥሩ ነው» የሚለውን ብትመርጥ አፑ ለሁሉም ይታያል። ኤአር የማይችለው ስልክ ላይ ምን እንደሚታይ ግን አንተ ታዘጋጃለህ። አንበሳው በጣት የሚዞርበት ተራ ገጽም ቢሆን ከባዶ ስክሪን ይሻላል።

የእኛ ሰው የሚይዘውን ስልክ ታውቀዋለህ። ቴክኖ አለ፣ ኢንፊኒክስ አለ፣ አይቴል አለ፣ ከሁለተኛ እጅ የተገዛ ሳምሰንግ አለ፣ አክስት ከአሜሪካ የላከችው አይፎን አለ። ችግሩ የስሙ አይደለም። ችግሩ በርካሽ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ ጃይሮስኮፕ አለመኖሩ ነው። ስክሪኑን ለማዞር አክስለሮሜትር ይበቃቸዋልና ዋጋ ለመቀነስ ጃይሮስኮፑን ይተዉታል። ያለ እሱ ኤአርኮር የለም።

ጃይሮስኮፕ መኖሩን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ዩቲዩብ አፕ ላይ አንድ ባለ 360 ዲግሪ ቪዲዮ ክፈትና ስልኩን ይዘህ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዙር። ምስሉ አብሮህ ከዞረ አለ። በጣት ካልጎተትከው የማይነቃነቅ ከሆነ የለም ብለህ ተወራረድ።

ስለዚህ እህትህን ሥራ ላካት። ልጆች በሚወጡበት ሰዓት ወላጅ በር ላይ ይቆማል አይደል? አንድ ወረቀት ይዛ 30 ወላጅ ትጠይቅ። የስልኩን ሞዴል «ስለ ስልኩ» ከሚለው ቦታ ትገልብጥ። ቴክኖ ብቻ ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ የትኛው ቴክኖ እንደሆነ ነው የሚፈለገው። ማታ ሻይ እየጠጣችሁ ከጉግል ዝርዝር ጋር አመሳክሩት። ከ30ው 25ቱ ዝርዝሩ ውስጥ ካሉ መንገድህ አንድ ነው፤ 8 ብቻ ካሉ ሌላ ነው። ይህን ቁጥር ሳትይዝ ኤስዲኬ የሚመክርህን ሰው አትስማ። እኔንም ጨምሮ።

የአሜሪካዎቹ ነገር ይቀላል። ኤአርኪት ከአይፎን 6ኤስ ጀምሮ ይሠራል፤ ያ ስልክ የወጣው በ2015 ነው። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድህ ኪስ ውስጥ ያለ አይፎን ይችላል በቃ። እነሱ ጋ የሚያጣላህ ማክ ነው። የአይፎን አፕ አጠናቅሮ ለማውጣት የአፕልን ኤክስኮድ ትፈልጋለህ፤ እሱ የሚሠራው ማክ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የአፕል ገንቢ አባልነት በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። የጉግል ፕሌይ ምዝገባ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ከፍለህ ያበቃል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ፍለጋ የሚፈጀውን ጊዜ አንተ ታውቀዋለህ፤ አልነግርህም።

ወደ ካርዱ እንምጣ። ሰው ሁሉ ስለ ኤስዲኬ ይጨቃጨቃል፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ወረቀቱ ላይ ነው።

ነጭ ወረቀት ላይ በትልቁ በጥቁር «በ» ብለህ ጻፍ። ከጎኑ «ቡ» እና «ቢ» ጻፍ። ለልጁ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ እህትህ አስተምራዋለች። ለካሜራው ግን ሦስቱም ሁለት እግርና አንድ ጣሪያ ናቸው። ልዩነቱ ቀኝ እግር ላይ ያለች አንዲት ቅጥል ናት። ቡ ላይ መሀል ላይ ትወጣለች፣ ቢ ላይ ከእግሩ ሥር። ሥዕል ለይቶ የሚያውቀው ሶፍትዌር ፊደል አያነብም። እሱ የሚፈልገው ሹል ጥግና ጥቁርና ነጭ በድንገት የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ያውም ብዙ፣ በካርዱ ላይ ተበታትኖ። ነጭ ሜዳ መሀል ላይ የቆመ አንድ ፊደል እንዲህ ያለ ነጥብ ጥቂት ብቻ ይሰጠዋል። ውጤቱን በዓይንህ ታየዋለህ። «ቡ» ስታሳየው በግ ይነሳል፣ «በ» ስታሳየው ቡችላ ይመጣል፤ አንዳንዴ ምንም አይመጣም። ልጁ ካርዱን ጥሎ ኳሱን ያነሳል።

ስለዚህ ካርዱ በሥዕል ይሞላ። ፊደሉ ከላይ በትልቁ ይቀመጥ፣ ከሥሩና ከኋላው ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱ የሆነ ዝርዝር ሥዕል ይኑር። ለ«አ» የአንበሳው ጎፈር ፀጉር በፀጉር ይሳል፣ ሣሩም ድንጋዩም ይታይ። ለ«ላ» ላሟ ከነቡራቡሬዋ፣ አጥሩ ከነእሾሁ። እህትህ በእጇ የምትስል መሆኗ እዚህ ላይ ሀብት ነው። የእጅ ሥዕል ወጣ ገባ ስለሆነ ካሜራው ይወደዋል። ከኢንተርኔት የሚወርደው ለስለስ ያለ፣ ክብ ክብ የካርቱን ሥዕል ለዚህ ሥራ ድሃ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልገምት። ዲዛይናችሁ ላይ ዙሪያውን የጥለት ጠርዝ አለ። አውቃለሁ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን። ያምራል፣ የእኛ ነው። ግን ሁሉም ካርድ ላይ አንድ ዓይነት ጥለት ካለ ካሜራው የሚይዘው ነጥብ በብዛት ከጥለቱ ይሆናል፤ ጥለቱ ደግሞ በሁሉም ካርድ ላይ አንድ ነው። የቤተሰቡ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው መጥተው «የትኛው ነው አበበ?» እንደመባል ነው። ያውም ጥለት ራሱን የሚደጋግም ንድፍ ነው፤ ድግግሞሽ ካሜራውን ያሳስተዋል። ጥለቱን ከካርዱ ጀርባ አድርጉት።

ቀለምም አታላይ ነው። ኤአርኮርም ቩፎሪያም ሥዕሉን የሚመዝኑት ቀለሙን አውጥተው በጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ነው። አረንጓዴ መደብ ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ለዓይን ያበራል። የሁለቱ ድምቀት ተመሳሳይ ከሆነ ግን ለሶፍትዌሩ አንድ ግራጫ ነው፤ ፊደሉ የለም ማለት ነው። ከማሳተማችሁ በፊት ካርዱን ፎቶ አንሥታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። የጠፋው ነገር ወዲያው ይታያችኋል።

ሕትመቱ ላይ ደግሞ ላሚኔት ተጠንቀቁ። ልጅ ስለሚያቆሽሸው ላሚኔት ማድረግ ያጓጓል። አንጸባራቂ ፕላስቲክ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ወይም ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ሲያርፍ ነጭ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ካርዱም ለካሜራው ግማሹ ይጠፋል። የማያብረቀርቅ፣ ማት የሚባለውን ልባስ ጠይቁ። ማተሚያ ቤቱ ከሌለው ያለ ልባስ ወፍራም ወረቀት ይሻላል።

መጠኑም ይቆጠራል። ኤአርኮር አንድን ሥዕል መጀመሪያ ለማወቅ ሥዕሉ ካሜራው ከሚያየው ቦታ ቢያንስ ሩቡን መሙላት አለበት። የክብሪት ሳጥን የሚያህል ካርድ ብትሠሩ ልጁ ስልኩን አፍንጫው ሥር ሊያስጠጋው ነው። ርካሽ ስልክ ደግሞ በዚያ ቅርበት ምስሉን ያደበዝዘዋል። የፖስታ ካርድ የሚያህል ይሁን። ልጅ ካርድ ሲይዝ በአውራ ጣቱ ግማሹን እንደሚሸፍንም አትርሳ። ሥዕሉ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከተከመረ ያቺን ጥግ ነው የሚሸፍናት። አይሳሳትም።

ብዛቱስ? 33 ፊደል በ7 ቢባዛ 231 ካርድ ነው። ኤአርኮር በአንድ የሥዕል ቋት እስከ 1000 ሥዕል ይቀበላል። አንዱ ወደ 6 ኪሎባይት ገደማ ስለሚይዝ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሜጋባይት ተኩል አይሞላም። እና ይቻላል። እኔ ግን በ33ቱ የግዕዝ ፊደላት፣ ያም ከበዛ በሁለት ቤት ብቻ እንድትጀምሩ ነው የምለው። 231 ሦስት አቅጣጫ ያለው ሞዴል ማን ይሠራል? አንድ እንስሳ ከነእንቅስቃሴው በሁለት ቀን ቢያልቅ እንኳ ዓመት ከመንፈቅ ሊፈጅብህ ነው።

ኤስዲኬው ራሱ እዚህ ይጀምራል። ለምን በድረ ገጽ ጀምር አልኩህ?

ማይንድኤአር ነጻና ክፍት ምንጭ ነው። በብራውዘር ውስጥ ይሠራል። ሥዕልን ለይቶ ይከተላል፣ ፊትንም ይከተላል፣ ሌላ ነገር አይሞክርም። ወለል አያውቅም፣ ክፍል አያውቅም። አንተ ግን ወለል አልፈለግክም፤ የፈለግከው አንበሳው ካርዱ ላይ እንዲቆም ነው። ጃይሮስኮፕ አይፈልግም። የጉግል ዝርዝር አያገባውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአይፎን ሳፋሪ ላይ ይሠራል። ሳፋሪ በአይፎን ላይ የድረ ገጹን መደበኛ የኤአር መንገድ፣ ዌብኤክስአር የሚባለውን፣ አይደግፍም። ማይንድኤአር ግን ካሜራውን ብቻ ከፍቶ ሒሳቡን ራሱ ስለሚሠራ አይቸገርም። ማክ ሳትገዛ፣ 99 ዶላር ሳትከፍል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባህ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የካርዶቹን ሥዕል የማይንድኤአር ማጠናቀሪያ ገጽ ላይ ትጥላለህ፤ አንድ ፋይል ይሰጥሃል። ያንን ፋይል፣ ሞዴሎቹንና አጭር የኤችቲኤምኤል ገጽ አንድ ላይ አድርገህ ሰርቨር ላይ ታስቀምጣለህ። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ መከፈት አለበት፤ አለዚያ ብራውዘሩ ካሜራ አይሰጥህም። የካርዱ ሳጥን ላይ ገጹን የሚከፍት ኪውአር ኮድ አትም።

ጉድለቱን አልደብቅህም። 231 ሥዕል በአንድ ፋይል ብትከምርበት ስልኩ ያቃስታል። ስለዚህ በየቤቱ ከፋፍለው፤ የ«በ» ቤት አንድ ገጽ፣ የ«ለ» ቤት ሌላ ገጽ። ዳታ ይበላል፤ ሞዴሎቹ በከፈቱት ቁጥር ከኔት ይወርዳሉ። ብራውዘሩ የወረደውን እንዲያስቀምጠው ብታደርግም የመጀመሪያዋ ቀን ፓኬጅ ታስከፍላለች። እኔ አንድ ሞዴል ከ2 ሜጋባይት እንዲያልፍ አልፈቅድም። የአንበሳው ጎፈር ካርዱ ላይ ይብዛ እንጂ ሞዴሉ ላይ አይብዛ። ደግሞ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ከላክኸው፣ ቴሌግራም በራሱ ውስጥ ባለው ብራውዘር ሊከፍተውና ካሜራው እምቢ ሊል ይችላል። «በክሮም ወይም በሳፋሪ ክፈቱት» የሚል አንድ መስመር ጻፍበት፤ ብዙ ስልክ ጥሪ ታድናለህ። ድምፅም እንዲሁ ነው። አይፎን ላይ ሰው ስክሪኑን ካልነካ ብራውዘሩ ድምፅ አያጫውትም። «ጀምር» የሚል ቁልፍ አድርግ፤ እሷን ሲነኩ ግሳቱ ይፈቀድልሃል።

ይህንን በሁለት ሦስት ቅዳሜ ትጨርሰዋለህ። ከዚያ ልጆቹ እጅ ላይ ስጠውና ዝም ብለህ ተመልከት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን ነው። ዩኒቲ፣ ፕሌይ ስቶር፣ ፈቃድ፣ ዝመና፣ ይሄ ሁሉ ዕዳ ነው፤ ሲያስፈልግ ይገባበታል።

መቼ ነው አፕ የሚያስፈልገው? ያለ ኔት መሥራት ካለበት ነው። ክፍለ ሀገር ያለ ትምህርት ቤት፣ ዋይፋይ የሌለበት ክፍል። አፕ አንድ ጊዜ ከተጫነ ሥዕል የማወቁ ሥራ ስልኩ ላይ ነው የሚያልቀው፤ ኤአርኮርም ለዚህ ኔት አይጠይቅም። ያን ጊዜ የእህትህን ወረቀት አውጣ። አብዛኛው ስልክ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ዩኒቲ ከኤአር ፋውንዴሽን ጋር። ነጻ ነው፣ ከጉግልና ከአፕል ጋር አብሮ ያድጋል፣ ማክ ያገኘህ ቀን ያው ፕሮጀክት ለአይፎን ይወጣል። አብዛኛው ስልክ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ዩኒቲ ከቩፎሪያ ጋር። ያለ ጃይሮስኮፕ ካርድ ይከተልልሃል፤ ግን ቩፎሪያ የንግድ ዕቃ ነው። መለማመጃ ቁልፉን በነጻ ታገኛለህ። አንድ መስመር ኮድ ከመጻፍህ በፊት ግን ለሽያጭ የሚወጣ አፕ የሚጠየቀውን ውል ገጻቸው ላይ አንብብ፤ ዋጋ ጠይቅ፤ በጽሑፍ ያዝ። ከሁለት ዓመት በፊት በተቀዳ ቪዲዮ ላይ «ነጻ ነው» ስለተባለ አትመን።

ዩኒቲ ራሱስ ማለትህ አይቀርም። በመስከረም 2023 አፕ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ዓለሙን አስጮኸ፤ በመስከረም 2024 ለጌም ሠሪዎች ሰረዘው። የግል ፈቃዱ ዓመታዊ ገቢህ ወይም ያገኘኸው ገንዘብ 200,000 ዶላር እስኪሞላ ነጻ ነው። ሲሞላ ደውልልኝ፣ አብረን እናለቅሳለን።

ወደ ቀብሩ እንምጣ። በዚህ ሙያ ኤስዲኬ ይሞታል። ደጋግሞ ይሞታል። ሜታዮ የሚባል የጀርመን ኤስዲኬ ነበር፣ ብዙ ሰው ይወደው ነበር፤ በ2015 አፕል ገዛውና በሩ ተዘጋ። ጉግል ታንጎ የሚባል ነበረው፣ ልዩ ካሜራ ያለው ስልክ የሚፈልግ፤ ሌኖቮ ፋብ 2 ፕሮ የወጣው ለእሱ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2018 ጉግል ዘጋው፣ ትኩረቱንም ወደ ኤአርኮር አዞረ። ዊኪቲዩድ የኦስትሪያ፣ የሳልዝበርግ ልጅ ነው። በ2021 ኳልኮም ገዛው፣ በ2024 ተዘጋ። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ማጣሪያ ይሠራበት የነበረው ሜታ ስፓርክ በጥር 2025 ቆመ። በድረ ገጽ ኤአር ስሙ የገነነው ኤይትዝ ዎል በ2022 የፖኬሞን ጎ ባለቤት በነበረው በናያንቲክ ተገዛ፤ በ2025 አገልግሎቱ እንደሚዘጋ ተነገረ። ሲንፎርም የሚባለውን የጉግል መሣሪያ የሚያስተምር ቪዲዮም ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፤ ጉግል ከ2020 ጀምሮ ትቶታል። ቪዲዮው አልሞተም፣ ኤስዲኬው ነው የሞተው። ስለዚህ ትምህርት ከመጀመርህ በፊት የቪዲዮውን ቀን እይ።

ማይንድኤአር አይሞትም ብዬ አልምልልህም። ክፍት ምንጭ ስለሆነ ግን ኮዱ እጅህ ላይ ይቀራል፤ ማንም ሰርቨር ዘግቶ አያጠፋብህም። ዋናው ጥንቃቄ ሀብትህን ከኤስዲኬው ለይተህ ማስቀመጥ ነው። ሞዴሎቹን በጂኤልቢ (ብዙ ሶፍትዌር በሚያነበው የሞዴል ፋይል ዓይነት) አስቀምጥ፤ የእህትህን የመጀመሪያ ሥዕሎች በትልቅ ጥራት ስካን አድርገህ ሁለት ቦታ አኑር፤ የ«አ፣ አንበሳ» ድምፆችን ለብቻ አቆይ። የትኛው ፊደል የትኛውን እንስሳ እንደሚጠራ የሚለውን ዝርዝር በአንድ ተራ ፋይል ጻፍ፣ ኮድ ውስጥ አትበትነው። ኤስዲኬው ነገ ቢሞት የምትጥለው ጥቂት መቶ መስመር ኮድ ይሆናል እንጂ የእህትህ የአንድ ዓመት ሥራ አይሆንም።

ዩኒቲ ላይ ስትደርስ አማርኛህ በባዶ ሳጥን ቢመጣብህ አትደንግጥ። ቴክስትሜሽ ፕሮ የሚባለው የዩኒቲ የጽሑፍ መሣሪያ ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አውርደህ የፎንት ፋይሉን ከዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደላት ክልል ጋር አጠናቅረው። ፊደላችን እንደ ዐረብኛ አይያያዝም፤ ሳጥኑ ከጠፋ ሌላ ጣጣ የለውም።

አፑ ለልጆች ስለሆነ ጉግል ፕሌይ አንድ ነገር ይጠይቅሃል። የኤአሩ ክፍል ሲከፈት ወላጅ አጠገባቸው እንዲሆንና በዙሪያቸው ያለውን አደጋ እንዲያስተውሉ የሚነግር ማስጠንቀቂያ ወዲያው መታየት አለበት። ወግ አይደለም። ልጅ አንበሳ እያየ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ደረጃ አያይም። የካሜራውን ምስል ደግሞ አትቅዳ፣ የትም አትላክ። አያስፈልግህም፤ ወላጅ ከጠየቀህ በሙሉ አፍ «አይቀመጥም» ትለዋለህ።

ለዚህ ሳምንት ሥራህ ግን ይኸው። የ«በ»ን ሰባት ካርዶች ብቻ ከእህትህ ተቀበል። ኤአርኮር ምንም አፕ ሳትሠራ ሥዕልህን ከ0 እስከ 100 የሚመዝን፣ ኤአርኮርአይኤምጂ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለው፤ ኮምፒውተርህ ላይ ይሠራል። ሥዕሉ በእያንዳንዱ ጎን ከ300 ፒክስል እንዳያንስ። ሰባቱንም አስመዝናቸው። ማይንድኤአር ብትጠቀምም ይሄ ሚዛን ይረዳሃል፤ ለአንዱ ደካማ የሆነ ሥዕል ለሌላውም ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ጉግል ቢያንስ 75 ይላል። ከዚያ በታች ያመጣውን ካርድ ለእህትህ መልስላት፤ «ሣር ጨምሪበት» በላት።